ነዳጁ ይፈለጋል፤ ገንዘቡስ መቼ ይደርሳል?

ጥያቄው፦ «ዓለም ዛሬም በቀን ከ100 ሚሊዮን በርሜል በላይ ነዳጅ ይጠቀማል። ፍላጎቱ እስካለ ድረስ አገሮች የነዳጅና የጋዝ ፍለጋቸውን ቢያስፋፉ አደጋው ምኑ ላይ ነው? ጋዝ ደግሞ ከድንጋይ ከሰል ይሻላል ይባላል። ፍለጋ ይቁም የሚሉት ሰዎች በስሜት ነው ወይስ ሒሳብ ይዘው የሚናገሩት?»

ምላሽ፦

ሁለቱም ዓይነት ሰዎች አሉ። እኔ የነዳጅ ውሎችን የገንዘብ ፍሰት ስፈትሽ የኖርኩ ሰው ነኝና ስሜቱን ለባለቤቶቹ ትቼ ሒሳቡን ላሳይዎት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሜ እርስዎ ትክክል የሆኑበትን ልቀበል። ነዳጅ ነገ ጠዋት አይቀርም። እንዲያውም ፍለጋን የሚቃወሙ ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ፦ የነዳጅ መስክ እንደ ምንጭ ዝም ብሎ አይፈስም፤ ከፍተኛ ምርቱ ላይ ከደረሰ በኋላ ከዓመት ዓመት ይደክማል። የዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ በሴፕቴምበር 2025 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በሥራ ላይ ባሉት መስኮች ላይ የሚፈሰው መዋዕለ ንዋይ በሙሉ ዛሬ ቢቆም የዓለም የነዳጅ ምርት በአማካይ በዓመት 8 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ብራዚልና ኖርዌይ በአንድ ላይ የሚያመርቱትን ያህል ነዳጅ በየዓመቱ ማጣት ማለት ነው። ስለዚህ «ለነዳጅ አንድም ሳንቲም አይውጣ» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ እሱም ሒሳቡን አልጨረሰም።

ግን ያለውን ማሳ መኮትኮትና ጫካ መንጥሮ አዲስ እርሻ ማውጣት አንድ ሥራ አይደሉም። የመጀመሪያው ቧንቧውም ወደቡም ባለሙያውም ባለበት ቦታ የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ በጥቂት ዓመታት ይመለሳል። የእርስዎ ጥያቄ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው፤ ምንም ባልተቆፈረበት አካባቢ ፈቃድ መስጠት፣ ሴይስሚክ ጥናት (በድምፅ ሞገድ ከምድር በታች ያለውን መፈተሽ) ማካሄድ፣ ጉድጓድ መሞከር። በዚህኛው ላይ ዋናው አደጋ ነዳጁ አለመፈለጉ አይደለም። ዋናው አደጋ ጊዜ ነው።

ያው ጥናት ሌላም ቁጥር አለው። የፍለጋ ፈቃድ ከተሰጠበት ቀን እስከ መጀመሪያው በርሜል በአማካይ 20 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ለማግኘት አምስት ዓመት ያህል፣ የተገኘውን ለመመዘንና ለማጽደቅ ስምንት፣ ለመገንባት ስድስት። ዩጋንዳን ይመልከቱ። በአልበርት ሐይቅ አካባቢ ነዳጅ መኖሩ የተረጋገጠው በ2006 ነው፤ የመጨረሻው የኢንቨስትመንት ውሳኔ የተፈረመው ግን በፌብሩዋሪ 2022፣ ከ16 ዓመት በኋላ። ነዳጁ ሰም የበዛበት ስለሆነ እስከ ታንዛኒያው ታንጋ ወደብ 1,443 ኪሎ ሜትር እየተሞቀ የሚሄድ ቧንቧ ይፈልጋል። ተቃራኒው ምሳሌ ጉያና ናት፤ ሊዛ የተባለው መስክ በ2015 ተገኝቶ በዲሴምበር 2019 ማምረት ጀምሯል። ፈቃድ የሚሰጡ ባለሥልጣናት ሁሉ የሚጠቅሱት ጉያናን ነው። የዩጋንዳን ታሪክ በአንድም የማስተዋወቂያ ሰነድ ላይ አይቼ አላውቅም።

አማካዩን ከያዝን፣ ዛሬ የተሰጠ ፈቃድ የመጀመሪያውን በርሜል የሚሸጠው በ2040ዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ ዓለም ምን ያህል ነዳጅ ይገዛል? የነዳጅ ላኪ አገሮች ማኅበር የሆነው ኦፔክ በ2024 ትንበያው በ2050 ፍላጎቱ በቀን 120 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ይደርሳል ብሏል። የኃይል ኤጀንሲው በ2021 ባወጣው የዜሮ ልቀት መንገድ (የዓለም የተጣራ ልቀት በ2050 ዜሮ የሚሆንበት ስሌት) ደግሞ በዚያው ዓመት 24 ሚሊዮን በርሜል ብቻ ይበቃል። በዚያ መንገድ ከተሄደ እስከ 2021 ከጸደቁት ውጭ አዲስ መስክ ማልማት እንደማያስፈልግ የጻፈውም ይኸው ሰነድ ነው። ኤጀንሲው ራሱ አንድ ቦታ አልቆመም፤ በ2023 የነዳጅ ፍላጎት ከ2030 በፊት ጣሪያው ላይ ይደርሳል ብሎ፣ በ2025 ፍላጎቱ እስከ 2050 ማደጉን የሚቀጥልበትን ሁኔታ መልሶ አካቷል።

እነዚህ ቁጥሮች ማን ትክክል እንደሆነ አይነግሩንም። እኔም አልፈርድም። የሚነግሩን ሌላ ነገር ነው፦ አንጋፋዎቹ ተንባዮች በአንድ ዕቃ የወደፊት ሽያጭ ላይ በአምስት እጥፍ ይለያያሉ። አንድ ነጋዴ ከሃያ ዓመት በኋላ በቀን ወይ 24 ወይ 120 ኩንታል ትሸጣለህ ቢባል መጋዘኑን በስንት ኩንታል ልክ ይሠራል? ፍለጋን ማስፋፋት ማለት 120ው እውነት ነው ብሎ መወራረድ ነው። ውርርዱ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም። ውርርድ መሆኑ ግን ውሉ ሲፈረም በግልጽ ሲነገር አይሰማም።

ፍላጎት ሲቀንስ ደግሞ ሁሉም አምራች እኩል አይቀንስም። በትንሽ ወጪ የሚያወጡት የባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ ላይ ይቆያሉ፤ ጥልቅ ባሕር ውስጥ ወይም ከባሕር ርቆ ረጅም ቧንቧ የሚፈልገው አዲሱ መስክ ቀድሞ ከገበያ ይወጣል። በዚያ በ2021ዱ ሰነድ ስሌት ፍላጎቱ በፍጥነት ከወረደ የበርሜል ዋጋ በ2030 ወደ 35 ዶላር፣ በ2050 ወደ 25 ዶላር ይጠጋል። ይህ የማይታሰብ እንዳይመስልዎ፤ ከነዳጅ ወደ ንጹሕ ኃይል የሚደረገው ሽግግር ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን እንኳ በ2014 አጋማሽ ከ110 ዶላር በላይ የነበረው ብሬንት (የዓለም የነዳጅ ዋጋ የሚለካበት የድፍድፍ ዓይነት) በጃንዋሪ 2016 ከ30 በታች ወርዷል።

አሁን ወደ ውሉ እንግባ፤ ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነው።

በብዙ አገሮች ፍለጋ የሚካሄደው በምርት ክፍፍል ስምምነት ነው። ኩባንያው ገንዘቡን ያወጣል፤ ነዳጅ ካልተገኘ ኪሳራው የራሱ ነው። ይህ ለመንግሥት ጥሩ ነው፤ «ምንም አናጣም» የሚለው ክርክርም የሚመነጨው ከዚህ ነው። ነዳጅ ከተገኘ ግን ከሚሸጠው ላይ መጀመሪያ ሮያሊቲ (ከሽያጩ ላይ በቀጥታ ለመንግሥት የሚከፈል ድርሻ) ይነሣል፣ ቀጥሎ ኩባንያው ያወጣውን ወጪ ያስመልሳል፣ የቀረው «የትርፍ ነዳጅ» ይባልና ይካፈሉታል። በ2016 ጉያና የፈረመችው ውል ሮያሊቲ 2 በመቶ፣ የወጪ ማስመለሻ ጣሪያ (ኩባንያው ከሽያጩ ላይ ለወጪው ሊወስድ የሚችለው ከፍተኛ ድርሻ) 75 በመቶ፣ የቀረው እኩል ለእኩል ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመንግሥት ድርሻ ከመቶ 14.5 ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ጉያና መስኮቿ ግዙፍና ፈጣን ስለሆኑ በዚህም ቢሆን ብዙ ገንዘብ ታገኛለች። መካከለኛ መስክ ያላት አገር ግን ምን ይገጥማታል?

አንድ ምናባዊ መስክ እንውሰድ። 200 ሚሊዮን በርሜል ይወጣዋል፤ ለማልማት 4 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል፤ ለእያንዳንዱ በርሜል የማስኬጃ ወጪው 12 ዶላር ነው። ሮያሊቲው 10 በመቶ፣ የወጪ ማስመለሻ ጣሪያው 60 በመቶ፣ የትርፍ ነዳጁ እኩል ለእኩል። በርሜሉ 80 ዶላር ሲሸጥ ሮያሊቲው 8 ዶላር ነው፤ ኩባንያው 48 ዶላር ለወጪ ይወስዳል፤ የቀረውን 24 ዶላር ለሁለት ይካፈላሉ። የመንግሥት ድርሻ 20 ዶላር። ከ48ቱ ላይ 12ቱ የማስኬጃ ስለሆነ የግንባታው ዕዳ በየበርሜሉ በ36 ዶላር ይቃለላል። 4 ቢሊዮኑ የሚያልቀው 111 ሚሊዮን በርሜል ከተሸጠ በኋላ ነው። ከግማሽ በላይ ነዳጅ ሄዷል። ከዚያ ወዲያ የመንግሥት ድርሻ በበርሜል ወደ 38 ዶላር ያድጋል።

በጠቅላላው መንግሥት 5.6 ቢሊዮን ዶላር ያገኛል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የሚገባው ከመጨረሻዎቹ 89 ሚሊዮን በርሜሎች ነው። የኩባንያውን ብናይ ተገልብጦ እናገኘዋለን፦ ከማስኬጃ ወጪ በኋላ ከሚቀረው ገንዘብ ሁለት ሦስተኛውን የሚሰበስበው በመጀመሪያዎቹ 111 ሚሊዮን በርሜሎች ነው። አንዱ ቀድሞ ይበላል፣ ሌላው መጨረሻ ላይ። ሽግግሩ በዘገየ ቁጥር ይህ ልዩነት አያሳስብም፤ ሽግግሩ ከፈጠነ ግን ጨለማው የሚወድቀው የመጨረሻውን ተራ በያዘው ላይ ነው። የመጨረሻውን ተራ የያዘው ደግሞ ሕዝቡ ነው።

ዋጋውን ከመጀመሪያው ጀምሮ 50 ዶላር እናድርገው። ሮያሊቲው 5፣ ለወጪ 30፣ የቀረው 15 ለሁለት። የግንባታው ዕዳ በየበርሜሉ በ18 ዶላር ብቻ ስለሚቃለል 222 ሚሊዮን በርሜል ይፈልጋል፤ መስኩ ግን ያለው 200 ሚሊዮን ነው። ወጪው ተመልሶ አያልቅም፤ «ከወጪ በኋላ» የተባለው ዘመን አይመጣም። መንግሥት እስከ መጨረሻው በበርሜል 12.50 ዶላር እየተቀበለ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ይዞ ይወጣል። ዋጋው የወደቀው በ37.5 በመቶ ነው፤ የመንግሥት ገቢ የወደቀው በ55 በመቶ። ወጪ ሲጨምርና ሥራው ሲዘገይም ጉዳቱ በዚሁ አቅጣጫ ነው፤ ካዛኽስታን ውስጥ የካሻጋን መስክ በ2000 ተገኝቶ፣ በ2013 ሥራ ጀምሮ፣ ቧንቧው በሳምንታት ውስጥ አፍስሶ፣ እንደገና የተነሣው በ2016 ነው።

ኩባንያ ሲሳሳት መዝገቡ ላይ ሰርዞ ያልፋል። ሼል በአላስካ ቹክቺ ባሕር ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ካፈሰሰ በኋላ በ2015 ጥሎ ወጥቷል። ቢፒ በ2020 የረዥም ጊዜ የነዳጅ ዋጋ ግምቱን ወደ 55 ዶላር ሲያወርድ እስከ 17.5 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ንብረት ከመዝገቡ እንደሚያነሣ አስታውቋል። ሁለቱም ዛሬም ቆመዋል፤ በሌላ አገር ሌላ መስክ አላቸው። መንግሥት ግን ያለው ያው አንድ መስክ ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ በጀት ሠርቶበታል።

አልፎ ተርፎም ይበደርበታል። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ጋና የጁቢሊን መስክ በ2007 አገኘች፤ በዚያው ዓመት 750 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠች፤ ነዳጁ መፍሰስ የጀመረው በ2010 መጨረሻ ነው፤ በ2015 ደግሞ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ብድር ፈልጋ ደጅ ጠናች። በሞዛምቢክ የባሰ ሆነ። በሰሜን ባለው የሮቩማ ተፋሰስ ላይ ግዙፍ ጋዝ መገኘቱን ተከትሎ፣ በ2013ና 2014 ከፓርላማው ተደብቆ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ በመንግሥት ዋስትና ተበደሩ። ምስጢሩ በ2016 ሲወጣ ለጋሾች የበጀት ድጋፋቸውን አቆሙ፣ አገሪቱም ዕዳዋን መክፈል አቃታት። የመጀመሪያው የጋዝ መርከብ ከሮቩማ የተነሣው በኖቬምበር 2022 ነበር። በየብስ ላይ ሊሠራ የታሰበው የ20 ቢሊዮን ዶላሩ ፕሮጀክት ደግሞ በ2021 ፓልማ ከተማ በታጣቂዎች ስትጠቃ ለዓመታት ተቋረጠ። እንግዲህ የተበደረ እንጂ የተሸጠ ጋዝ አልነበረም። ነዳጅ ሳይወጣ የሚጎዳው እንዴት ነው ብለው ከጠየቁኝ መልሴ ይኸው ነው።

ስለ ጋዝ ጠይቀዋል። ሲቃጠል ከድንጋይ ከሰል ያነሰ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማውጣቱ እውነት ነው፤ በኤሌክትሪክ ማመንጫ ውስጥ ግማሽ ገደማ ነው። ነገር ግን የተፈጥሮ ጋዝ አብዛኛው ሚቴን ነው። ሳይቃጠል ካመለጠ፣ በ20 ዓመት ሚዛን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ስለዚህ የጋዙ ጥቅም በቧንቧው መገጣጠሚያ ላይ ይወሰናል፤ ከጉድጓድ እስከ ምድጃ ጥቂት በመቶ እንኳ ከሾለከ ከከሰሉ የተሻለ መሆኑ ያበቃል። አጠባበቁ ጥሩ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ያንን በመለኪያ ማሳየት አለበት፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው የሚቴን ደንብ ከውጭ የሚገባውንም ጋዝ ደረጃ በደረጃ መጠየቅ ጀምሯል።

ከሚቴኑ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጋዝ እንደ ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል ተጭኖ ለመጣ ገዢ ሁሉ አይሸጥም። ቧንቧ ወይም ጋዙን አቀዝቅዞ ፈሳሽ የሚያደርግ ፋብሪካ ይፈልጋል፤ እነዚህን ለመገንባት ደግሞ ባንኮች የ15 እና የ20 ዓመት ገዢ ፈርሞ ማየት ይሻሉ። ካታር በ2022 ከቻይናው ሲኖፔክ ጋር የፈረመችው ውል 27 ዓመት ነው። ካታር ይህን የምታደርገው በዓለም ከሁሉ ርካሽ ከሚባሉት መስኮች በአንዱ ላይ ተቀምጣ ሲሆን፣ የማምረት አቅሟን ከ77 ወደ 142 ሚሊዮን ቶን ልታሳድግ ነው። አዲስ ገቢ አገር ዛሬ ፈልጋ፣ አግኝታ፣ ገንብታ ወደ ገበያ ስትወጣ የምትገፋው ከዚህ ባለ ግዙፍ አቅም ጎረምሳ ጋር ነው። «ጋዝ የሽግግሩ ድልድይ ነው» ይባላል። ይሁን፤ ድልድዩ ተሠርቶ የሚያልቀው ተሻጋሪው ወንዙን ካለፈ በኋላ ከሆነስ? የአገር ውስጥ ገበያ ካለ፣ ማለትም ጋዙ ማዳበሪያ ወይም ኤሌክትሪክ ከሆነ ግን ስሌቱ በእጅጉ ይለወጣል፤ ገዢው የትም አይሄድም። ስለዚህ ጋዝ ተገኘ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ለማን?» የሚል ነው።

የፍሳሽ አደጋን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙ ተብሏል። አንድ ነገር ብቻ፦ በኤፕሪል 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የፈነዳው የማኮንዶ ጉድጓድ የፍለጋ ጉድጓድ ነበር። 11 ሰዎች ሞተዋል፤ ነዳጁ ለ87 ቀናት ሲፈስ ቆይቷል። «ገና እየፈለግን ነው፣ አደጋ የሚመጣው ማምረት ስንጀምር ነው» የሚል ሰው ይህን ያስታውስ።

በሕግ በኩል ግን ነገሩ በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ተለውጧል። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2024፣ የነዳጅ ፕሮጀክት የአካባቢ ተጽዕኖ ሲገመገም ነዳጁ ወደፊት ሲቃጠል የሚያወጣው ልቀትም መቆጠር አለበት ብሎ ወሰነ። በጃንዋሪ 2025 የስኮትላንድ ፍርድ ቤት የሮዝባንክንና የጃክዶን መስኮች ፈቃድ በዚሁ ምክንያት ሕገ ወጥ ነው አለ። በጁላይ 2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በሰጠው አስተያየት፣ አንድ መንግሥት የአየር ንብረትን ለመጠበቅ ተገቢውን አለማድረጉ፣ የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ መስጠትን ጨምሮ፣ ዓለም አቀፍ ሕግን የጣሰ ድርጊት ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። አስተያየቱ አስገዳጅ ፍርድ አይደለም፤ ለከሳሽ ጠበቃ ግን ከዚህ የሚሻል ስንቅ የለም። መንግሥት ሐሳቡን ቀይሮ ፈቃዱን ልሰርዝ ካለም ከኩባንያው በኩል ክስ ይጠብቀዋል። ጣሊያን በባሕር ዳርቻዋ ቁፋሮ በመከልከሏ በ2022 በግልግል ዳኝነት ለሮክሆፐር ኩባንያ ከ190 ሚሊዮን ዩሮ በላይ እንድትከፍል ተወስኖባት ነበር፤ ውሳኔው የተሻረላት በ2025 ነው። ፈቃድ ለመስጠት አንድ ፊርማ ይበቃል። ለመመለስ ዓመታት የፈጀ ሙግት።

የአየር ንብረቱን ሒሳብ ሆን ብዬ ወደ ኋላ ያቆየሁት ብዙ ጊዜ ክርክሩን እዚያው ላይ ስለሚዘጋው ነው። በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ (አይፒሲሲ) ስሌት፣ ቀድሞ የተሠራው የነዳጅ፣ የጋዝና የከሰል መሠረተ ልማት ዕድሜውን ቢጨርስ የሚያወጣው ልቀት ብቻ ሙቀቱን በ1.5 ዲግሪ ለመገደብ ከቀረው ኮታ ይበልጣል። አዲሱ መስክ ገና ሳይመጣ ድግሱ ሞልቷል ማለት ነው። ማን ይነሣ፣ ማን ይቀመጥ የሚለው የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ድሃ አገሮች «ሀብታሞቹ በልተው ሲጨርሱ እኛን ጹሙ አሉን» ማለታቸው አግባብ አለው። ችግሩ አግባብ መኖሩ የበርሜሉን ዋጋ አያስወድድም። በ2050 ገዢው የሚከፍለው በፍትሕ አይደለም።

አሁን «ታዲያ ፈቃድ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ?» ይሉኝ ይሆናል። ባዶ መሬት ላይ፣ ወደ ውጭ ለመላክ ብቻ፣ ረጅም ቧንቧ የሚፈልግ ከሆነ እኔ አልፈርምም። ቀድሞ የተሠራ መሠረተ ልማት አጠገብ ከሆነ፣ ወይም ጋዙ የአገር ውስጥ ገዢ ካለው እቀመጣለሁ፣ እደራደራለሁ። ስደራደርም የምይዘው ሮያሊቲውን ነው፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው በርሜል ጀምሮ ይከፈላል። ባለሥልጣናት ብዙ ጊዜ ዓይናቸው የትርፍ ነዳጁ ክፍፍል ላይ ነው፤ «60 በመቶ ለእኛ» ማለት ጋዜጣ ላይ ያምራል። እኔ ግን 60ውን ወደ 50 አውርጄ ሮያሊቲውን ከፍ፣ የወጪ ማስመለሻ ጣሪያውን ዝቅ ባደርገው እመርጣለሁ። የጉድጓድ መድፈኛ ገንዘብ ደግሞ ገና ምርቱ ሳይደክም በዝግ ሒሳብ መቀመጥ አለበት። አሜሪካ በ2021 ባለቤት አልባ የሆኑ አሮጌ ጉድጓዶችን ለመድፈን 4.7 ቢሊዮን ዶላር ከሕዝብ ገንዘብ የመደበችው ይህ ስላልተደረገ ነው።

እርስዎ ውሉን የማየት ዕድል ካገኙ ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቁ። መንግሥት የፕሮጀክቱን የገንዘብ ፍሰት ያሰላበትን ሠንጠረዥ ያሳይዎትና በርሜሉን በ40 ዶላር፣ የመጀመሪያውን ምርት በአምስት ዓመት ዘግይቶ ያስገቡበት። ሠንጠረዡ የለም ከተባሉ፣ ወይም አለ ግን አንድ ዋጋ ብቻ ነው የተሠራበት ከተባሉ፣ ስለ ፍላጎት ትንበያው መከራከር ሳያስፈልግዎ መልሱን አግኝተዋል።